ገንዘቡ ከነውሉ ይመጣል



ከኅዳር ጀምሮ የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በርበሬ እየደረቀ በጆንያ ይታሰራል። ገበሬው ገበያ ያወጣዋል፣ ነጋዴው ይመዝነዋል፣ አይሱዙ ይጭነዋል፣ አብዛኛው ደግሞ ሄዶ ሄዶ መርካቶ ይራገፋል። የመቀንጠሱ፣ የመደለዙ፣ የመፍጨቱና አሽጎ የመሸጡ ሥራ፣ ከሥራውም ጋር የሚገኘው ትርፍ፣ ከዚህ ከቡሬ ርቆ ይቀራል። ይህን ሥራ እዚሁ የሚሠራ፣ ባለቤቶቹም በርበሬውን የሚያመርቱት ገበሬዎችና የከተማው ሰዎች የሆኑበት ኩባንያ ብናቋቁም መነሻ ገንዘቡን ከየት እናመጣለን? ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነው። በርበሬውን ለምሳሌ ያነሣሁት ሁላችንም ስለምናውቀው ነው እንጂ፣ ነገሩ ለማር፣ ለድንች፣ ለወተትና ለበቆሎ ዱቄትም ያው ነው።

ቡሬ ትልቅ ገንዘብ አይታ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዓመት አቶ በላይነህ ክንዴ ያሠሩት የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ያመርታል ተብሎ የተተከለ ነው። እነዚህ ለአካባቢው ሥራና ገበያ ያመጡ፣ ሊከበሩ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የዚህ አገር ሰው በእነዚህ ውስጥ ያለው ቦታ የአቅራቢ፣ የሠራተኛና የደንበኛ ነው። በባለቤትነት የሚገባበት ድርጅት ሌላ ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋል። እኔም ለዚያኛው እቆረቆራለሁ፤ ምክንያቱም ፋብሪካ በችግር ጊዜ መዘጋት አለመዘጋቱን፣ ትርፉ እዚህ መቅረት አለመቅረቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ወጣቶቻችን ስለ ንግድ ሥራ ሥልጠና ሲወስዱ ስለ ቬንቸር ካፒታል ደጋግመው ይሰማሉ። ሐሳብህን አቅርብ፣ ኢንቨስተር ታገኛለህ ይባላሉ። ይህ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ የሚያስረዳቸው ግን ጥቂት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሀብቶች፣ የጡረታ ተቋማትና የልማት ፋይናንስ ድርጅቶች ገንዘባቸውን ለአንድ ፈንድ ያስረክባሉ። የፈንዱ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ነው። አስተዳዳሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጀማሪ ኩባንያዎችን አክሲዮን ይገዛሉ፤ በቀሩት ዓመታት ያንኑ አክሲዮን ሸጠው ገንዘቡን ከነትርፉ ለሰጧቸው ሰዎች መመለስ አለባቸው። ከገቡባቸው ኩባንያዎች ብዙዎቹ እንደሚከስሩ ወይም ዋናውን ብቻ እንደሚመልሱ ከመነሻው ያውቁታል። ስለዚህ ከአሥሩ አንዱ የዘጠኙን ጉድለት ሸፍኖ ትርፍ እንዲያመጣ፣ ገና ሲገቡበት አሥርና ሃያ እጥፍ ሊያድግ የሚችለውን ብቻ ይመርጣሉ።

ይህ ለሚመቸው ሥራ ድንቅ ገንዘብ ነው። የዚህ አሠራር አባት የሚባለው ጆርጅ ዶሪዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ቦስተን ላይ የመሠረተው ድርጅት፣ በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለሚባል ጀማሪ የኮምፒውተር ኩባንያ 70 ሺህ ዶላር ሰጠ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የዚያ ድርሻ ዋጋ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ባንክ ለኩባንያው ወጣት መሥራቾች አያበድርም ነበር። አንድ ጊዜ የተሠራ ሶፍትዌር ለሚሊዮን ሰው ሲሸጥ ተጨማሪ መሬት፣ ተጨማሪ ጆንያ፣ ተጨማሪ ዝናብ አይጠይቅም። በርበሬ ግን ይጠይቃል። በዓመት አሥራ አምስት በመቶ የሚያድግ የበርበሬ ፋብሪካ ለቡሬ ትልቅ በረከት ነው፤ ለዚያ ዓይነቱ ፈንድ ግን ያልተሳካ ሥራ ተብሎ ይመዘገባል።

ሌላው ነገር መውጫው ነው። ፈንዱ በአሥር ዓመት ውስጥ ድርሻውን ለአንድ ሰው መሸጥ አለበት። የቡሬን በርበሬ ፋብሪካ አርባ በመቶ ማን ይገዛዋል? ገበሬው ያን ያህል ገንዘብ አይኖረውም። የሚገዛው ሌላ ቦታ ያለ ትልቅ ነጋዴ ወይም ላኪ ነው። ብዙ ጊዜ በውሉ ውስጥ፣ ኩባንያው ሲሸጥ ፈንዱ ያስገባውን አስቀድሞ እንዲያነሣ፣ ሌሎቹም ባለአክሲዮኖች ከእርሱ ጋር እንዲሸጡ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኖራል። መሥራቾቹ ይህን የፈረሙት በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘቡ በጣም ባስፈለጋቸው ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ሁኔታ አለ። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ፈንድ የሚያስበው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። በብር ትርፉን እጥፍ ያደረገ ኩባንያ በዶላር ሲቆጠር ካለበት ፈቀቅ አላለም ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ በግጭቱ የደረሰውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ጭነት ሲቆም። ከሩቅ የመጣ ገንዘብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ ይሸሻል፤ ሰዎቹን አልወቅስም፣ የሌላ ሰው አደራ ይዘዋል። ባለቤቱ እዚሁ የሚያርስና እዚሁ የሚነግድ የሆነ ድርጅት ግን መሄጃ ስለሌለው ወፍጮውን ዘግቶ፣ ዕቃውን ሸፍኖ፣ ሰላም ሲመጣ ይከፍተዋል።

እንግዲህ ከሌላው መንገድ እንጀምር። መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያነሣው ዕቁብ ነው። ዕቁብን እወደዋለሁ። ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ በዳኛና በዋስ ብቻ የሚሠራ ፋይናንስ ነው፤ ከዚህ ከተማ ሱቆች ስንቱ በዕቁብ ዕጣ እንደተከፈተ እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ዕቁብ የሚሠራው ለግለሰብ ነው። ዕጣው የደረሰው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ዙሩ ሲያልቅ ማኅበሩ በእጁ ምንም አይቀረውም። የጋራ ወፍጮ፣ የጋራ መጋዘን ለመሥራት ገንዘቡ ተጠራቅሞ መቀመጥ አለበት። በዚህ ረገድ ዕድር ይሻላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሁሉም ሆኖ ይኖራል፣ ገንዘብ ያዡም በስብሰባ ይጠየቃል። ለኩባንያ የሚያስፈልገው የዕቁብ ትጋትና የዕድር የጋራ ንብረት በአንድ የሕግ አካል ሥር መገናኘታቸው ነው። ያ አካል በአገራችን ሕግ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ይህን ስናገር ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲባል መሬቱ ተቀላቅሎ፣ በሬው ተሰብስቦ፣ እህሉ በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ የሚገባበት ነገር ነበር። ገበሬው ወዶ አልገባበትም። ለዚህም ነው በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ እነዚያ ማኅበራት በወራት ውስጥ የፈረሱት፤ አባላቱ መሬታቸውንና በሬያቸውን ተካፍለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ደግሞ ማኅበር ሲባል የሚያስበው ማዳበሪያ የሚታደልበትን መጋዘን ነው። የማዳበሪያ ሥርጭት በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ስለሆነ፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ ቁጣው በማኅበሩ ላይ ይወርዳል፤ ማኅበሩ የእርሱ መሆኑም ይረሳል። ይህ ሁሉ ጠባሳ እያለ ሰዎች ገንዘባቸውን አምነው እንዲያዋጡ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የጠየቀ ሰውም መልሱን ይዞ መምጣት አለበት።

መልሱ በከፊል በሕጉ ውስጥ አለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩ የሚመሠረተው በፈቃድ ነው ይላሉ። የገባ ሰው መውጣት ይችላል። አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ አንድ ሺህ ብር ያዋጣውም መቶ ሺህ ያዋጣውም በጉባኤ እኩል እጅ ያወጣሉ። ማንም አባል ከጠቅላላው የተከፈለ ዕጣ ከአሥር በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሁለት ስለት አለው። ድርጅቱን ማንም ጠቅልሎ እንዳይገዛው ይጠብቀዋል። በአንጻሩ ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ እንዳያስገባ ይከለክለዋል፤ ስለዚህም ማኅበራት ሁልጊዜ በካፒታል ይቀጥናሉ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ይህችን ቀጭን ካፒታል ባለቤትነትን ሳይሸጡ እንዴት ማወፈር እንደሚቻል ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ከሕንድ የመጣ ታሪክ ነው። በጉጃራት ግዛት፣ በኬዳ አውራጃ ያሉ ገበሬዎች ወተታቸውን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ብቻ እንዲሸጡ ተገድደው ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት አንሸጥም ብለው አደሙ፤ በትሪቡቫንዳስ ፓቴል መሪነትም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቨርጊስ ኩሪየን የሚባል ወጣት መሐንዲስ በመንግሥት ተመድቦ ወደ አናንድ ከተማ መጣ፤ መጀመሪያ መሄድ ነበር የፈለገው፣ ግን ከገበሬዎቹ ጋር ዕድሜውን ጨረሰ። ዛሬ አሙል በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ከዚያ ነው የተነሣው።

አሙል የመጀመሪያውን ትልቅ ማሽን ያገኘበት መንገድ ለዛሬው ጉዳያችን በጣም ይጠቅማል። ዩኒሴፍ የወተት ማድረቂያ መሣሪያ ሰጣቸው፤ በምላሹ የጠየቃቸው አክሲዮን ወይም በቦርድ ውስጥ ወንበር ሳይሆን፣ ለድሀ ልጆች በነፃ የሚታደል ወተት ነው። ገበሬዎቹ ዕዳቸውን በሚያመርቱት ነገር ከፈሉ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመረቅ ባለቤቶቹ እነርሱው ነበሩ። መንደሩ ማኅበር አለው፣ ማኅበራቱ የአውራጃ ዩኒየን አላቸው፣ በ1973 ደግሞ ዩኒየኖቹ ለገበያ የጋራ ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ሌላም ነገር ልብ በሉ። አሙል ለወተት የሚከፍለው ቶሎና በጥራት ልክ ነበር። ገበሬው ማኅበሩን ያመነው በስብከት ሳይሆን ወተቱን ሰጥቶ ገንዘቡን በጊዜው በመቀበሉ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ፤ ብዙ የእኛ ማኅበራት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና።

ከክልላችንም የአውራምባን ማኅበረሰብ ማንሣት ይገባል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ አነሣሽነት በፎገራ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ለእርሻ የሚበቃ መሬት ስላልነበረው ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞረ። የወፍጮው ደንበኞች የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ያገኙትን መልሰው ሥራ ላይ እያዋሉ፣ በሳምንት አንዱን ቀን ለአረጋዊና ለችግረኛ እየሠሩ እዚህ ደርሰዋል። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ የአኗኗር ሥርዓታቸውን ሁሉም ማኅበረሰብ ሊቀበለው አይችልም፣ መቀበልም የለበትም። ትርፍን ሳይበሉ መልሶ ማስገባት ግን እምነትም ሥርዓትም ሳይመርጥ ለማንም የሚሠራ የካፒታል ምንጭ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። የበርበሬ ኩባንያችንን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አራት መቶ አባላት እያንዳንዳቸው 5 ሺህ ብር ዕጣ ይግዙ፤ በአንድ ጊዜ ባይችሉ በሁለት ምርት ወቅት ይክፈሉ፣ ለምሳሌያችን ግን ሁሉም ከፍለዋል እንበል። 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። የመፍጫና የማሸጊያ ማሽን 3 ሚሊዮን ብር ነው። ይህን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ካፒታላችንን ገና ሳንጀምር ያደርቀዋል። ስለዚህ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ይገኝ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም፣ በክልላችን ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስም በዚህ ሥራ ላይ አሉ። ተከራዩ ከዋጋው ሃያ በመቶ ያህል አስቀድሞ ያስይዛል፤ የቀረውን ማሽኑ እየሠራ በየጊዜው ይከፍላል፤ መያዣው ራሱ ማሽኑ ነው። ቤትና መሬት አይጠየቅም። ከእኛ የሚወጣው 600 ሺህ ብር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለፈቃድ፣ ለማሸጊያና ለመጀመሪያ ወራት ደመወዝ 800 ሺህ እንያዝ።

የቀረው ትልቁ ወጪ በርበሬው ነው። በዓመት 200 ኩንታል ለመፍጨት አስበናል፣ ኩንታሉ 40 ሺህ ብር ነው ብንል 8 ሚሊዮን ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው። ነገር ግን በርበሬው ያለው በራሳቸው በአባላቱ ቤት ነው። በመጀመሪያው ዙር 100 ኩንታሉን ብቻ እንረከብ፤ አባላቱ ሲያስረክቡ ስድሳ በመቶውን ዋጋ ይቀበሉ፣ አርባ በመቶው ሲሸጥ ይከፈላቸው። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ይሆናል። ሁሉን ስንደምር 3 ሚሊዮን 800 ሺህ፤ ከዕጣው ስንቀንሰው የጎደለን 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። መጋዘን ውስጥ ያለው በርበሬ ደግሞ 4 ሚሊዮን ያወጣል።

በግማሽ ዋጋው ገደማ ሊበደሩበት የሚችሉት የክምችት ዕቃ በእጃቸው ያለ ሰዎች ለፈንድ አርባ በመቶ ባለቤትነት አሳልፈው የሚሰጡበት ምክንያት አይታየኝም። ሕጉም ለዚህ መንገድ ከፍቷል። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላም ቡሬ መጋዘን ከተከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ በቆሎ አስገብቶ ደረሰኝ መቀበል ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ሰብል፣ ከብት፣ መሣሪያና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ባንኮች አሁንም ሕንፃ መጠየቅ ይቀናቸዋል። ይህ ልማድ የሚለወጠው ተበዳሪው አዋጁን ይዞ፣ ክምችቱን በትክክል መዝግቦ ደጃቸው ሲቆም ነው።

ውልም ገንዘብ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት የዓለም የምግብ ፕሮግራም በቆሎ ከገበሬ ዩኒየኖች በቀጥታ ሲገዛ ከመከሩ በፊት የግዢ ውል ይፈርም ነበር፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ያንን ውል እንደ ዋስትና ተቀብሎ ለዩኒየኖቹ አበድሯል። ለእኛ በርበሬ እንዲህ ያለ ገዢ ማን ሊሆን ይችላል? የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ቤቶች በየቀኑ ሽሮና ወጥ ይሠራሉ። የአንድ ዓመት የአቅርቦት ውል ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ማግኘት ከአንድ ኢንቨስተር ጋር አሥር ጊዜ ቡና ከመጠጣት ይበልጣል። ደንበኛው ሃያና ሠላሳ በመቶ ቅድሚያ ከከፈለ ደግሞ ብድሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከአገር የወጡ ልጆቻችንስ? ብዙዎቹ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ ያዋጣሉ። ለኩባንያ ሲጠየቁ ግን ወይ ስጦታ ይሰጣሉ፣ ወይ ይሸሻሉ፤ መካከለኛው መንገድ አልተነገራቸውም። በውጭው ዓለም ከሽያጭ በመቶኛ የሚመለስ ብድር የሚባል አሠራር አለ። አበዳሪው ለምሳሌ 100 ሺህ ብር ይሰጣል፤ ድርጅቱ ከየወሩ ሽያጩ አራት በመቶውን ለአበዳሪዎቹ ይከፍላል፤ የሰጡት አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ሲመለስላቸው ውሉ ያበቃል። ሽያጭ በበዛበት ወር ብዙ ይከፈላል፣ መንገድ በተዘጋበት ወር የሚከፈለው ትንሽ ወይም ምንም ይሆናል። ወቅት ለሚገዛው ሥራ፣ ይልቁንም እኛ ላለንበት ጊዜ፣ ከዚህ የሚስማማ ብድር አላውቅም። ባለቤትነቱ አይነካም። ውሉ ግን በሕግ ባለሙያ ይጻፍ። ያለ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ በብሔራዊ ባንክም በካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ የሚገባው በማስታወቂያ መጥራት ሳይሆን ከሚታወቁ ጥቂት ሰዎች ጋር በስም መዋዋል ነው።

አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ሌላው ነው፤ ኢትዮጵያዊ ለዚህ አዲስ አይደለም። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው በ486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር ነው። የአማራ ባንክን አክሲዮን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል፤ ከእናንተም የገዛ ይኖራል። ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ ባንኮች ማኅበራትን መያዣ የላችሁም እያሉ ሲመልሷቸው፣ በአቶ ኃይሌ ገብሬ መሪነት ማኅበራቱ ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህን ታላቅ ነገር እለዋለሁ፤ የአማራ ገበሬ ዩኒየኖችም ከዚህ መማር ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ። የእኛ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና ለብዙ ሺህ ድሀ ገበሬ አበድሯል፤ ማኅበራቱን ግን በባለቤትነት የሰበሰበ ባንክ አልነበረም።

በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ግን ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው፤ አክሲዮኑም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤን ኤንድ ጄሪስ የተባለው የአሜሪካ አይስክሬም ኩባንያ ፋብሪካ ለመሥራት ገንዘብ ሲፈልግ ወደ ቬንቸር ካፒታል አልሄደም። አክሲዮኑን ለቨርሞንት ግዛት ነዋሪዎች ብቻ፣ በትንሹ 126 ዶላር እያስከፈለ ሸጠ። ጎረቤት ለጎረቤት ያበደረ ያህል ነበር፤ ገንዘቡም ተገኘ። በኋላ ግን አክሲዮኑ በሰፊው ገበያ መሸጥ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኒሊቨር ጠቅልሎ ገዛው። መሥራቾቹ ልባቸው ባይፈቅድም ዋጋው ለባለአክሲዮኑ ጥሩ ስለነበር መከልከል ከበዳቸው። ከአካባቢ ሰው በመነሣቱ ብቻ ድርጅት የአካባቢ ሆኖ አይቀርም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር በጥሩ ዋጋ ፊት አይቆምም። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ለባንኮችና ለትልልቅ ኩባንያዎች ይጠቅማል፣ የእኛን ፋብሪካ ግን ለብዙ ዓመት አይመለከተውም።

ስለዚህ ደንቡ የሚጻፍበት ቀን ከገንዘቡ መምጫ ቀን ይቅደም። አባል ሲወጣ ዕጣው የሚመለስለት በስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ ሁሉም ልውጣ ቢል ድርጅቱ እንዳይፈርስ ምን ያህል ተከፍሎ ምን ያህል ይቆያል? ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ፣ ከትርፍ ተጠራቅሞ የተሠራው መጋዘን በዚያ ቀን በአባልነት ለተገኙት ይከፋፈል ወይስ ለሌላ የአካባቢው ማኅበር ይለፍ? ሁለተኛው ካልተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ያሉት አባላት ሽጠው እንዲካፈሉ የሚገፋፋቸው ነገር ይበረታል። ሊቀመንበሩ ስንት ዓመት ያገለግላል? ሒሳቡን የሚያየው ማን ነው? ማኅበር የሚሞተው ከገንዘብ ማጣት ይልቅ ኦዲት ሳይደረግ ሦስትና አራት ዓመት ሲቆይ ነው። ደመወዙ ጥሩ የሆነ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከዕጣው ገንዘብ ቢቀጠር አይቆጨኝም፤ ባንኩም፣ የውጭ አገር ወንድምም፣ የዩኒቨርሲቲው ግዢ ክፍልም የሚጠይቁት የእርሱን ሰነድ ነው።

የመሬት መጠቀሚያ መብትን ለብድር ስለማስያዝ የሚጠይቁኝ አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ይህን ፈቅዷል። የእኔ ምክር፣ ሁለት ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ቤተሰብ ለጋራ ኩባንያ ብድር የእርሻ ማሳውን አያስይዝ ነው። ኩባንያ ሊከስር ይችላል። ሲከስር የሚጠፋው ዕጣው ብቻ እንዲሆን ነው ሕጉ ኃላፊነትን የወሰነው።

አሁን ስለ አሙል ስናገር ወዳነሣሁት የቶሎ ክፍያ ነጥብ ልመለስ። ስድሳ በመቶ አሁን፣ አርባ በመቶ በኋላ ብያለሁ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ነጋዴው ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ይዞ፣ በኪሎ ጥቂት ብር ጨምሮ በር ላይ ሲቆም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት አባል በርበሬውን ለእርሱ ይሸጣል። አልፈርድበትም። ማኅበሩ ግን ውል የገባበትን በርበሬ ያጣል። ይህን በቅጣት ማስቆም አይቻልም፤ ቅጣት የደርግን ኮታ ያስታውሳል። የሚቻለው መጠበቅ የማይችለውን አባል አስቀድሞ ለይቶ ሙሉውን መክፈል ነው። ከአራት መቶው መቶው መጠበቅ የማይችሉ ቢሆኑና ከበርበሬው ሩቡን፣ 25 ኩንታሉን፣ እነርሱ ቢያቀርቡ፣ የቀረችው አርባ በመቶ 400 ሺህ ብር ናት። ብድሩ ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ወደ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ያድጋል፤ ከክምችቱ ዋጋ ከግማሽ ጥቂት ያልፋል፣ ባንክ የማይሸከመው አይደለም። የዚያች 400 ሺህ ብር ወለድ በሁሉም አባላት ላይ ይከፋፈላል። መጠበቅ የሚችለው ላልቻለው ትንሽ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ጉዳይ በመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ዕጣ ከመሰብሰቡ በፊት፣ በግልጽ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበት፤ እኔ አባል ብሆን እጄን የማወጣው ለመክፈሉ ነው።